ለባዝራዬ ማደሪያ ፍለጋ

የዝውውር ደብዳቤው ሲደርሰኝ መተማ ነበርኩ። የተመደብኩት ምጽዋ፣ ደሴቱ ላይ ያለው ቢሮ ነው። በደርግ ዘመን ለመንግሥት ዜና የሚሠራ ሰው የሚላክበትን አይመርጥም፤ እኔም አልተከራከርኩም። ዕቃዬ አንድ ሻንጣ ነበር። ያስቸገረችኝ ባዝራዋ ናት።

የገዛኋት በዋልካው ምክንያት ነው። መሬቱ ዝናብ ከጠጣ በኋላ መኪና አይንቀሳቀስም፤ ሽንፋ ወርጄ የሰሊጥ እርሻ የምዘግበው በእሷ ነበር። ቆላው ግን ለፈረስ አይሆንም። ክረምት ሲገባ ዝንቡና በሽታው ይፈጃል። እኔ በየማታው ኩበት እያጨስኩ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ ከአጠገቧ እየተቀመጥኩ ነው አንድ ክረምት ያሳለፍኳት።

ቢሮ ውስጥ ቀለዱብኝ።

“በጀልባ ጫናት እንጂ! ዓሣ መብላት ትለምዳለች” አለኝ ዜናዬን የሚያስተላልፍልኝ የቴሌ ሠራተኛ።

ምጽዋ የነበሩ ሰዎችን ጠየቅኩ። ደሴቱ ላይ ሣር የሚባል የለም፤ ለሰው የሚጠጣው ውሃ እንኳ ከየብስ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሰው ማግኘት ነበረብኝ፤ ካላገኘሁ ትሞታለች።

መጀመሪያ ሸሕዲ ያለ የእርሻ ካቦ አነጋገርኩ። ለቀን ሠራተኞቹ ውሃ ታመላልስልኛለች ብሎ ደስ አለው።

“ማታ ማታስ ጭስ ታጨስላታለህ?” አልኩት።

“ለእነዚህስ ማን አጨሰላቸው?” አለና በአገጩ አመለከተኝ። ከጎጃምና ከወሎ የመጡ ሠራተኞች በተቀደደ ሸራ ሥር ተኝተዋል፤ አንዱ በወባ ይንቀጠቀጣል። ስለዚያ እርሻ ብዙ ዜና ልኬያለሁ። የት እንደሚያድሩ የጻፍኩበት ግን አልነበረም። ባዝራዬን ስቤ ወጣሁ፤ ሰላምታም የሰጠሁ አይመስለኝም።

ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ጭልጋ ላይ ደጋ ይሆናል። እዚያ አንድ ጊዜ መኪናችን ተበላሽቶ ያሳደሩኝ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ባዝራዬን ይዤ ወደ እሳቸው ወጣሁ። በግቢያቸው ሣርም ጥላም አለ፤ ዝንቡ ወደዚያ አይወጣም። ባለቤታቸው በእግር ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል፤ አይከል ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው አጥተዋል። ከዚህ የተሻለ ቦታ እንደማላገኝ ገባኝ።

“አባባ፣ ሰጥቼዎታለሁ። የእርስዎ ትሁን” አልኳቸው።

“ኧረ እንዳትል!” አሉና ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። “የኔን ፈረስ ለሚሊሻ ስንቅ ይጭናል ብለው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ይቺም የኔ ከሆነች በማግስቱ ነው የሚነዷት። የመንግሥት ሠራተኛ ፈረስ ግን ማን ደፍሮ ይነካል? ያንተ እንደሆነች ትቆይ፤ እኔ ጠባቂ ልሁን። ደግሞ መጥተህ ካልታየህ ባለቤት የላትም ይላሉ። እንደምትመለስ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አንተው ንገረው።”

“ምጽዋ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጦርነት ነው። እመለሳለሁ ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም።”

“እኔን ዋሽ ማን አለህ? እሱን ዋሽ እንጂ” ብለው ሳቁ።

“ዝም ይበሉ እስቲ!” አሉ ባለቤታቸው ከአልጋቸው ላይ ሆነው። “የሰው ልጅ ኃጢአት ያስተምራሉ እንዴ?”

“አንቺ አይከል መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?”

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በማግስቱ ጠዋት መጣ። ጠመንጃውን አንግቷል። ባዝራዋን ዞሮ አያት፤ ጥርሷን ገልጦ ተመለከተ፤ ወገቧን በመዳፉ ተጫነ።

“የማን ናት?”

“የእኔ ናት።”

“መቼ ሊወስዷት ነው፣ ጓድ ጋዜጠኛ?”

“ለመስቀል እመጣለሁ።”

ያላረጋገጥኩትን ነገር ዜና ብዬ ልኬ አላውቅም ነበር። ይቺ ግን ምላሴን ሳታደናቅፍ ወጣች። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ።

“እንግዲያው እስከ መስቀል” አለ።

ሽማግሌው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። የጭነት መኪና እስኪመጣ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ። ልሳፈር ስል እጄን ያዙና ቶሎ አልለቀቁኝም።

“ለመስቀል ባይሆንልህ እንኳ፣ ጥቂት ዘግየት ብለህም ቢሆን ብቅ በል” አሉኝ። አሁን አልሳቁም። ትናንት ውሸት መሆኑን አብረን ያወቅነውን ነገር በአንድ ሌሊት ማመን ጀምረው ነበር።

“እሺ አባባ” አልኩ።

ደሴቱ ላይ ሥራው ብዙ ነበር፤ ሙቀቱም ከመተማ የከፋ ነው። መስከረም ሲገባ የክፍል ኃላፊዬ ለበዓል ፈቃድ የሚፈልግ ካለ እንዲያመለክት ጠየቀን። ጦርነቱ ስላለ ለማንም እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለት ባልደረቦቼ ግን አመለከቱ፤ ተከለከሉም። እኔ አላመለከትኩም። አመልክቼ ብከለከል ኖሮ፣ ‘ጠይቄ ከለከሉኝ’ ብዬ ለሽማግሌው የምልክላቸው አንድ እውነተኛ ቃል ይኖረኝ ነበር።