ከሳይክል የወረድንበት ቀን

የማስቲሽ ሽታ ባፍንጫዬ ሲገባ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ይጠፋኛል። እዚህ ጎንደር፣ ከቤቴ ቁልቁል አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ጎማ ሲለጠፍ ያ ሽታ ከሩቅ ይቀበለኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ እኔ እገተራለሁ። ባለፈው ጎሚስታው «እህቴ፣ የሚለጠፍ ነበረሽ?» አለኝ። መኪና የለኝ፣ ሳይክል የለኝ፤ ምን ልበለው? «የለኝም» ብዬ ሄድኩ። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንድሜን ሳስብ ዋልኩ።

ይኸውልሽ፣ ነገሩ የካርቱም ነው። ከሱዳኑ አብዮት ሁለት ሦስት ዓመት በፊት። እኔና ወንድሜ የተወለድነው ሳጃና የሚባል የካርቱም ሰፈር ነው፤ እናታችን የጎንደር ሰው፣ አባታችን ሱዳናዊ። አማርኛዬ የእናቴ ነው፣ ዐረብኛዬ የሰፈሩ፤ ሲምታታብኝ አትሳቂብኝ። አባታችን ከከተማው ዳር፣ ከሶባ ወዲያ፣ በመስኖው እርሻ ውስጥ፣ የራሱ መንደር ነበረው። እዚያ የመጀመሪያ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ መሬቱ አሉ። እኛ ጋ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀረ፤ ቀጥሎ ሐሙሶቹ ሁሉ ቀሩ። ተጣልተው እንኳ አይደለም። እናቴን «ለምን ቀረ?» ስላት «መንገዱ ረዝሞበት ይሆናል» ትለኝ ነበር። በሀፍላ፣ ማለቴ በሚኒባስ፣ ከሳጃና ያ መንደር ድረስ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ልጅ ሆኜ መንገድ እንዴት እንደሚረዝም ማሰብ ይደክመኝ ነበር።

ወንድሜ ስልክ ይጠግን ነበር። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ሳይክሉን ሲሸጥ ገዛው፤ ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ብዙ፣ የተራራ የሚባለው ሳይክል። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ተራራውስ የት አለ?» አለች። እውነቷን ነው። ካርቱም እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አገር ነው። ግን ለካስ ተራራ ላጣ ሰውም መንገድ አይጠፋም። ዓርብ ጠዋት ቡሪ ሰፈር ተማሪዎችም ፈረንጆችም ይሰበሰቡና በአባይ ዳር ለዳር፣ በደረቁ ፈፋ ውስጥ፣ በጡብ ማቃጠያዎቹ መሃል የእግር መንገድ እየፈለጉ ይነዱ ነበር። እኔም በተውሶ ሳይክል እከተል ጀመር፤ ረጅም ቀሚስ ከነሱሪው፣ ራሴ ላይ ሻርፕ፣ ከሻርፑ በላይ ሄልሜት። የረጠበ ደለል ሽታ፣ የጡቡ ጭስ፣ ጎማ ስር የሚንኮሻኮሽ ደረቅ ጭቃ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሦስት ቀን ውድድር ያዘጋጁትም እነሱ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከቡሪ ሶባ፣ በሁለተኛው ከሶባ በመስኖ ቦዮቹ ዳር ወደ ደቡብ፣ በሦስተኛው አቋርጦ እስከ ጀበል አውሊያ፤ ያችን ኮረብታ ነው እንግዲህ ተራራ ብለው የሚጠሯት። የሚነዳው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። ጥንዶቹ ከዓይን መራራቅ አይችሉም፤ ሰዓቱም የሚያዘው የኋለኛው ሲገባ ነው። አንዱ ከቆመ ሁለቱም ቆሙ ማለት ነው።

ከወንድሜ ጋር ሊነዳ የነበረው ጓደኛው እጁ ተሰበረና ተራው እኔ ላይ ወደቀ። ይቅርብኝ ብዬ ስለማመነው ጊዜ ነው ሚስጥሩን ያወጣው። ሁለተኛው ቀን የሚያልቀው አባታችን መንደር፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነበር።

«አንደኛ እንገባለን» አለኝ። «መንደሩ ሁሉ ለማየት ይወጣል። እሱም ይወጣል። ‹ይሄ የማን ልጅ ነው?› ሲባል፣ እስቲ ምን እንደሚል እሰማዋለሁ።»

«የማንም አይደለም ቢልስ?»

«ዝም በይና ንጂ።»

ለእናታችን የነገርኳት እኔ ነኝ። መቼም አፌ አያርፍም። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መቀመጫችን እንዳይላጥ ሱሪያችን ውስጥ ስፖንጅ ስትሰፋልን «ጤነኛ ሰው ቂጡ ላይ ትራስ ይሰፋል?» እያለች ትስቅ ነበር። የመንደሩን ስም ስነግራት መርፌዋ ቆመ። «ካያችሁት ሰላም በሉት» አለች። «ካላያችሁት ግን አትፈልጉት።» ቀጥሎ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

የመጀመሪያውን ቀን እንደነገሩ ጨረስን፤ መሃል ላይ ነበርን። ሶባ ላይ ድንኳን ውስጥ አደርን። ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዕድል ከእኛ ጋር ዋለች። የቦዩ ዳር በግራር እሾህ የተሞላ ነው፤ ከፊታችን የነበሩት ጥንዶች አንድ በአንድ ጎማቸው ተነፈሰ። መንገድ ዳር ተንበርክከው ማስቲሽ ሲቀቡ፣ ሽታው ከቦዩ ውሃ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ፣ እኛ እልም አልን። አንዱ «ያላ ያ ሀበሽ! በሉ ሀበሾች!» ብሎ ጮኸልን። የእኛን ጎማ ማን እንደጠበቀው እኔ እንጃ። ረፋዱ ላይ ከፊታችን ማንም አልነበረም። የመንደሩ መስጊድ ማማ ከሩቅ ታየኝ፣ እግሬም ድካሙን ረሳ። ወንድሜ ዞር ብሎ ሳቀልኝ፤ ጥርሱ ብቻ ነው ነጭ፣ ሌላው ሁሉ አፈር።

ያን ጊዜ ነው ከፊት ለፊት አቧራ የተነሳው። ቀብር ነበር። ሬሳውን በአንገረብ፣ ማለቴ በጠፍር አልጋ፣ ተሸክመው፣ በቦዩ ዳር ወደ እኛ እየመጡ፣ የመንደሩ ወንድ በሙሉ ጀላቢያውን ለብሶ፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ በሩጫ ያህል ይሄዳል።

እናታችን ከበቅሎ አገር ነው የመጣችው። በእሷ አገር ሬሳ ሲያልፍ በበቅሎ የሚሄድ ይወርዳል፣ የተቀመጠም ይነሳል። ካርቱም ላይ በቅሎ ስላልነበራት ሚኒባስ ውስጥ ከወንበሯ ብድግ ትል ነበር፤ ረዳቱም «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ገና አልደረስንም!» ይላታል። እኛም አብረናት እንነሳ ነበር፤ አፍረን ነው እንጂ ወደን አይደለም። የቀረው ተወዳዳሪ ቢሆን ወደ ማሳው ወረድ ብሎ፣ ዞሮ ያልፍ ነበር። መንገድ ነበረ እኮ! ወንድሜ ግን ፍሬኑን ያዘ።

«ምን ሆንክ?»

«ውረጂ።»

«አንደኛ ነን እኮ! በማሳው እንለፍ!»

«ውረጂ አልኩሽ!»

ወረድኩ። እሱ ሄልሜቱን አውልቆ ሳይክሉን ሜዳ ላይ ጥሎ ሄደ። እዚያ አገር ደግሞ አልጋውን መሸከም ጽድቅ ነው፤ እየተፈራረቁ ነው የሚሸከሙት። አንዱ ሰውዬ ትከሻውን አውጥቶ ቦታ ሰጠው፣ ወንድሜ ገባበት። ሲያልፉኝ ነው ከጎኑ ያለውን ሰው ያየሁት። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ግራ ትከሻውን ጣል አድርጎ የሚሄደው አካሄድ ግን ያው ነው። አባቴ ነበር። አንድ አልጋ ተሸክመው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ አለፉኝ።

ወንድሜ አይቶት ነው የወረደው ወይስ ወርዶ ነው ያየው? እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ «ትከሻዬን ካስገባሁ በኋላ ነው ያወቅኩት» ይላል። አንዳንዴ አምነዋለሁ፣ አንዳንዴ አላምነውም።

እኔ መከተል አልችልም፤ እዚያ ሴት መቃብር ድረስ አትሄድም። ሁለቱን ሳይክል ይዤ ግራር ስር ቀረሁ። ጎማቸውን የለጠፉት ጥንዶች እየደረሱ አለፉኝ። አንድ ፈረንጅ ቆሞ ምን እንደሆንኩ በእጁ ጠየቀኝ፤ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም አይደል» አልኩት፤ እንባዬ ግን አፈሩ ላይ መንገድ አውጥቶ ይወርድ ነበር። ለምን እንደማለቅስ አልገባኝም። በመሸነፋችን? በአባቴ ሽበት? ለማላውቀው ሟች?

ሳር የተሸከመች አንዲት የመንደሩ ሴት መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሟቹ የመስጊዱ ሙአዚን፣ አዛን የሚያሰሙት፣ እንደነበሩ፣ መንደሩ ሁሉ ለቀብር እንደወጣ ነገረችኝ። አፍታም ሳትቆይ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ይቺን የማይጠይቅ ሱዳናዊ የለም። ውሃ ከመስጠቱ በፊት አባትሽን ይጠይቅሻል።

«የሳጃና ልጅ ነኝ» አልኳት።

«ኧረ! ሳጃና መውለድ ጀመረች እንዴ?» ብላ ሳቀችና ሳሯን አስተካክላ ሄደች። የአባቴ ስም ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ስሙን ብጠራ ምን እንደሚመጣ ስላላወቅኩ ዋጥኩት።

መቃብሩ ሩቅ አይደለም፤ ድምፅ ግን አይሰማኝም። አፈር ሲመልሱ አየሁ። ወንድሜም ይመልስ ነበር። ከዚያ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ቆመ፣ እሱም ዘረጋ። የትኛውን ጸሎት እንደጸለየ አልጠየቅኩትም፤ እኛ ቤት የክርስቲያኑም የእስላሙም ነበር። ሰዉ መበተን ሲጀምር አባቴ ወንድሜ ፊት ቆመ። የጥምጥሙን ጫፍ ፈታ። በእሱ የወንድሜን ፊት ይጠርግ ጀመር፤ ግንባሩን፣ ከዓይኑ ስር፣ ጉንጩን፣ አገጩን። ቀስ ብሎ ነው የጠረገው፣ የሚጠብቁት ሰዎች እስኪጠሩት ድረስ። እጁን ወንድሜ ራስ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ወደ እኔ አላየም። ወይም አይቶ ይሆናል፤ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበረች።

ወንድሜ ሲመለስ ፊቱ እስከ አገጩ ንጹሕ ነው፤ አንገቱና ጆሮው ግን አፈር እንደለበሰ ነው።

«አወቀህ?» አልኩት።

«እንጃ።»

«ምን አለህ?»

«አላህ ይቀበልልህ አለኝ።»

«የማን ልጅ ነህ አላለህም?»

ሳይክሉን አነሳ። «አልጠየቀኝም» አለ።

ይኸው ነው የሚያምታታኝ። ሳር የተሸከመችው ሴት እንኳ ጠይቃኛለች። አንድ የማይታወቅ ጎረምሳ ከሰማይ ወርዶ ሬሳ ተሸክሞላቸው፣ የአገሩ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይሰናበተዋል? አውቆ ነው ያልጠየቀው እላለሁ። ወንድሜ አሁን ፖርት ሱዳን ነው፤ በስልክ አሁንም እንጣላለን። «ሽማግሌ ሁሉ ላብህን ይጠርግልሃል» ይለኛል። አይጠርግም! «እሺ፣ ካወቀኝ ታዲያ ለምን ስሜን አልጠራም?» ይለኛል ደግሞ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ስለዚያ መንደር የሰማ ሰው አላገኘንም። አባቴ ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም።

ሜዳው ላይ መጨረሻ ገባን። ጥቂት ልጆችና የውድድሩ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የመድረሻውን ገመድ እየጠቀለሉ አገኘናቸው። ነገም መቀጠል ትችላላችሁ ብለውን ነበር። ወንድሜ «ኸላስ፣ በቃኝ» አለ። ሳይክሎቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን ሳጃና ገባን።

እናታችን ግቢው በር ላይ ነበረች። ሜዳሊያ አልጠየቀችም።

«አያችሁት?»

«አየነው» አልኩ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሸብቷል።»

«ይሸብታላ» አለች። ስለ ቀብሩም፣ ስለ ጥምጥሙም አልነገርናትም። ወንድሜ በዓይኑ ከለከለኝ፤ እኔም ለአንድ ቀን አፌ አረፈ። እሷም አወቃችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ስትጠይቀኝ ምን እንደምል እያሰብኩ ስጠብቅ፣ ወንድሜ ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ከነጫማው እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ገና አልጨለመም። እናቴ ሳፋ ውስጥ ውሃ አምጥታ ጫማውን ፈታችለት። እግሩን አጠበች፣ እጁን አጠበች። ጨርቁን ጨምቃ ከጆሮው ኋላ፣ አንገቱን ዙሪያውን፣ አፈሩ እስኪለቅ ጠረገችው። አገጩ ስር ስትደርስ እጇ ቆመ። አፈሩ አገጩ ላይ የቆመበትን መስመር በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ጨርቁን ሳፋው ውስጥ መለሰችው።

የረሳች መስሎኝ «ፊቱንስ?» አልኳት።

«ፊቱማ ተጠርጓል» አለችኝ።