ያላስጨረስኩት ካሴት

ሰሞኑን ልጄ ሀያት የቀረጸችውን የሰው ሰርግ ከካሜራው ወደ ላፕቶፗ ስታስገባ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ወልድያ ደግሞ መብራት ሄድ መጣ ይላል። «ገብቷል» ብላ ከካሜራው ካርድ ላይ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዝኩት።

«መጀመሪያ ከፍተሽ እስከ መጨረሻው እዪው።»

«ኧረ እማ! ሰው ነው እንዴ የሚሞተው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ መርሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ያኔ ካሜራው የሚሠራው በካሴት ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ ለሲዲ እንዲሆን እስኪለወጥ ደግሞ ግማሽ ቀን። በዚያ ሙቀት፣ የማንጎ ሽታ ከደጅ እየገባ፣ ሥራዬ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር።

ከመርሳ ብዙም በማትርቀው ግራና የሸህ ይማም ልጅ ዘሀራ ስትዳር አባቷ «ሴቶቹ ዘንድ ካሜራ አይገባም» አሉ። አክስቷ ግን ሴት ነሽ ብላ እኔን በጓሮ አስገባችኝ። ዘሀራ ሂና የተቀባ እጇን ወደ ካሜራው ዘርግታ «አባዬ እንዳያይ!» እያለች ሳቀች።

በማግስቱ ካሴቱ ኮምፒውተር ውስጥ ግማሹ እንኳ ሳይገባ ጓደኞቼ ገበያ እንሂድ ብለው ጠሩኝ። አቋረጥኩትና ለአሠሪዬ «አልቋል» አልኩት። እንደ ልማዳችን ካሴቱ ላይ ሌላ ሰርግ ተቀረጸበት። ሴቶቹ ያሉት መጨረሻው ላይ ነበር።

ዘሀራ ዓረብ አገር ሄዳ እዚያው ሞተች፤ አስከሬኗም አልመጣ። በዚያው ክረምት ሸሁ የእግራቸውን ጭቃ ፎቶ ቤታችን ደጅ ላይ አራግፈው ገቡ።

«ልጄ፣ ሲዲው ላይ አጣኋት። አክስቷ አንቺ ገብተሽ እንደነበር ነገረችኝ። ያኔ ያልኩትን ተዪውና አሳዪኝ።»

አሠሪዬ ቀና ብሎ አየኝ። እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ፈራሁ።

«አባባ፣ አንቱ አይደሉ እንዴ አይቀረጽ ያሉት? መግባቱን ገብቼ ነበር፤ አንቱን ፈርቼ ካሜራውን አልከፈትኩትም።»

«ልክ ነሽ፣ እኔው ነኝ። አንቺ የታላቅ ቃል ነው ያከበርሽው። አላህ እንዳንቺ ቃል የምትሰማ ልጅ ይስጥሽ» ብለው መርቀውኝ ወጡ።

እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ግራና ሩቅ አልነበረም። እስኪሞቱ ድረስ «ልጄ እንዳትቀረጽ እኔው ነኝ የከለከልኩት» ይሉ ነበር አሉ።

ሀያት እየተነጫነጨች ቀረጻውን እስከ መጨረሻው አየችው። የሳቸው ምርቃት ደርሶልኝ ነው፤ ቃል ትሰማለች። ግን በውሸት የወሰድኩት ምርቃት ነውና፣ እሷም እንዳትወሰድብኝ እፈራለሁ፤ ከቤት በወጣች ቁጥር እስክትሰለቸኝ የምደውልላት ለዚህ ነው።