የክቡ ጎጆ ሂተር

በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ ካጣሁ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። አጎቴ ኮሶዬ ላይ ስድስት ክብ ጎጆ ያለው ሎጅ ሠርቷል፤ እንግዳው መጥቶ አንድ ሌሊት በብርድ ይንቀጠቀጥና ጠዋት ወደ ጎንደር ይወርዳል።

"አያ፣ የሂተሩን ነገር ለኔ ተወው" አልኩት።

"አንዱን ጎጆ ካሞቅሽ የቀሩትን አምስቱንም አንቺው ትሠሪያለሽ። ካላሞቅሽ ወደ ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳሽ።"

አንድ ሂተር ገዝቶ ነበር። ሻጩ የጠየቀው "ስንት ካሬ ነው?" ብቻ ነው። ካሬ ወለል ነው፤ የሚሞቀው ግን አየሩ ነው፣ የጎጆ ጣሪያ ደግሞ ሽቅብ እንደሾለ ይሄዳል። መሐል ወለሉ ላይ መሰላል አቁሜ እስከ ጫፉ ለካሁ። ከነሹሉ፣ ከውጭው ብርድ ጋር ሳሰላው ሁለት ሂተር መጣ። ኮርኒስ ይመታና አንዱ ይብቃ ብዬ አጎቴን ብጠይቀው፣ "እንግዳው የሚመጣው የጣሪያውን ሣር ሊያይ ነው" ብሎ እምቢ አለ። ሁለተኛው ተገዛ።

ከሰዓት ሁለቱንም ሰካናቸው። ቆይቶ አጎቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ገባ።

"መሐንዲስ፣ ይሄ ነው ሙቀቱ? የበግ ጋጣ ይሻለኛል።"

ተናደድኩ። ሒሳቡን ሦስቴ ደገምኩት፤ ልክ ነው። እንግዲያው ጥፋቱ የቤቱ ነው ብዬ መሰላሉን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ወጣሁ። ግድግዳው ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት፣ ዙሪያውን በሙሉ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ነፋሱ ፊቴን ገረፈኝ።

ጎጆውን የሠሩትን ሽማግሌ አስጠራኋቸው።

"ምነው ይሄን ክፍት ተዉት?"

"ለጭሱ ነዋ።"

"የምን ጭስ? እሳት አይነድበትም እኮ።"

"ልጄ፣ ጎጆ ሲሠራ የጭስ መውጫ ይተዋል። አይነድበትም ያለኝ ማን አለ?"

አጎቴን አየሁት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

ጭቃና ጭድ ተቦክቶ ክፍተቱ ተደፈነ። ሲደርቅ፣ ያንኑ ሁለት ሂተር በዚያው ሰዓት ሰካሁ። አጎቴ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። ቆይቶ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ቀጥሎ ሹራቡን። ኮሶዬ ላይ ያለ ጋቢ አይቼው አላውቅም።

"ሸጋ ነው" አለ።

"የአምስቱን ቁልፍ ስጠኛ።"

"ምን ያቻኩልሻል፣ ሙቀቱን ላጣጥመው እንጂ" እያለ ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ።