የአባባ ንቦች

አባባ ገጠር፣ ሁሩሙ ሳሉ ንብ አናቢ ነበሩ። በገመድ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ ሲሰቅሉ፣ እኔ ከሥር ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ ሽቅብ አያቸው ነበር። ማር ሲቆርጡ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ የሚሰጡት ለእኔ ነው።

አርጅተው መቱ ከተማ እኔ ቤት ከገቡ በኋላ መርሳት ጀመሩ። ሁሩሙን ረሱ፤ እኔንም “የማን ልጅ ነሽ?” ይሉኝ ጀመር። ሐኪሙ ለመርሳት በሽታ የሚሆን ኪኒን አዘዘላቸው። እኔ ፈሪ ስለሆንኩ፣ ሲውጡ አፋቸውን አስከፍቼ ሳላይ ከአጠገባቸው አልነሳም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ጣሪያውን እያዩ፣ “መንጋው መጣ” አሉ።

“የምን መንጋ፣ አባባ?”

“ካኒሳ ነዋ። የእኔ ልጅ ሆነሽ ንብ አታውቂም?”

ልጄ አሉኝ። መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ “ዛሬስ የት አረፉ?” እላቸዋለሁ። እሳቸውም የቱ ዛፍ ላይ እንዳረፉ፣ የቱ አበባ ማሩን ነጭ እንደሚያደርገው ይነግሩኛል። እዚያው ዛፍ ሥር የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ልብስ ሳጥብ ጭስ ሸተተኝ። ሮጬ ስገባ አባባ ከፍራሹ ገለባ አውጥተው፣ ትንሿ ልጄ ከተኛችበት አልጋ ሥር አንድደዋል። ልጄን አንስቼ ወጣሁና የልብሱን ውሃ አምጥቼ እሳቱ ላይ ደፋሁ።

“ለምን አጠፋሽው? ሊነድፏት ነው እኮ፤ በጭስ ላባርራቸው ነው!” ይላሉ፣ ባዶ ግድግዳ እያሳዩኝ።

ሐኪሙ ዘንድ ስወስዳቸው፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ።

“ኪኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ነው። እኔ ማስታወስ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።”

“እናቴ፣ የሌለ ነገር እያዩ ነው። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። እናቆመዋለን።”

“ሲቆም ወሬያቸውም ይቆማል?”

“ንቦቹ መሄድ አለባቸው። የወሬውን ግን አላውቅም” አለኝ።

ንቦቹ ሄዱ። አባባ ፍርሃቱ ለቀቃቸው፤ ልጄም ሳልሰጋ ጭናቸው ላይ ታንቀላፋ ጀመር። እኔ ብቻ አልፎ አልፎ፣ ሰው በሌለበት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “አባባ፣ ዛሬስ የት አረፉ?” እላቸው ነበር።

ፈገግ ብለው ያዩኛል።

“እነማን?” ይላሉ።