ለቅሶ ቤት የፈረምኩት ወረቀት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዲላ ፍርድ ቤት ነበርኩ... ልጄ አስቴር የምትመሰክርበት ቀን ነው። በምትሠራበት ቡና ማድረቂያ ቦታ ተቆጣጣሪዋ የነበረው ሰው ደፍሯታል። ችሎቱ ዝግ ነው። እኔን እናቷ ስለሆንኩ ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ።

ዐቃቤ ሕጉ የጠየቃትን ሁሉ ደህና አድርጋ መለሰች። ከዚያ የተከሳሹ ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳ።

«ከዚህ በፊትስ ሰው ወንጅለሽ ታውቂያለሽ?»

መልሷን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ላስታውስሽ። በአሥራ አምስት ዓመትሽ አጎቴ ደፈረኝ ብለሽ ነበር። ያኔ አጎት፣ ዛሬ አለቃ... ነገ ደግሞ ባለ ተራው ማን ነው?»

«ጠበቃ፣ በሥርዓት ይጠይቁ» አሉት ዳኛዋ።

ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። «ልጅቱ በወንድሟ ሞት ተደናግጣ በአጎቷ ላይ ያልተደረገ ነገር ተናግራለች። ይህንንም እኔ እናቷ አረጋግጣለሁ።»

ወረቀቱን አውቀዋለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት የበኩር ልጄ በሞተር አደጋ ሞተብኝ። የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሳ አስቴር አጠገቤ መጥታ አጎቷ ያደረገባትን በጆሮዬ ነገረችኝ። አጎቷ የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ባለቤቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው እሱ ነበር። ነገሩ ሲሰማ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። «በለቅሶ ላይ ሌላ ለቅሶ አትጨምሪብን። ቤተሰቡን አትበትኚው» አሉኝና የጻፉትን ወረቀት አቀረቡልኝ።

ልጄን አምኛት ነበር። አምኛት ፈረምኩ።

አንዱን ቅጂ አጎቷ ወሰደ... ጠበቃው ከየት እንዳገኘው ገባኝ።

«የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አላት።

«ያኔም አልዋሸሁም፣ አሁንም አልዋሸሁም።»

«ታዲያ ውሸታሟ እናትሽ ናት?»

አስቴር ወደ እኔ አልዞረችም። የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ብቻ አያታለሁ።

«እናቴን ተዋት» አለችው። «ሐዘን ላይ ነበረች።»

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ነግራኛለች። እውነት መሆኑን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።»

«እናት፣ ይቀመጡ። ሳይፈቀድልዎ አይናገሩም» አሉኝ ዳኛዋ። ዐቃቤ ሕጉ ግን እኔም ምስክር ሆኜ ቃሌን እንድሰጥ ጠየቀ። ተፈቀደለትና ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ።

ስንወጣ አስቴር «እማዬ፣ ዘመድ ሁሉ ያኮርፍሻል እኮ» አለችኝ።

«ያኩርፍ።»

«ለቅሶም አይደርሱሽም።»

«የደረሱኝ ጊዜ ያደረጉኝን አይተሻል» አልኳት። ሳቅ ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ መሳቁም ማልቀሱም አልመጣልኝም።

የምስክር ስም የሚመዘግበው ሠራተኛ ስሜን ጽፎ «ለማን ነው የሚመሰክሩት?» አለኝ።

«ለልጄ» አልኩት... አራት ዓመት ዘግይቼ።