የቲቸር ስንሻው ዱላ

ባለፈው ሳምንት ከቤታችን በታች ካለው ሰፈር የሴት ኡኡታ ሰማሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አሜሪካ ሰው አገር ገብታ ቦምብ መጣሏ ልክ ነው አይደለም እያሉ የሚጨቃጨቁ ሰዎችን በስልኬ አዳምጣለሁ። በፖለቲካል ሳይንስ ተመርቄ ከመጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። እናቴ ከጓዳ ወጣች። ሁለታችንም መጀመሪያ ያየነው ከበሩ ጀርባ የቆመውን የወይራ ዱላ ነው። የቲቸር ስንሻው ነው።

ቲቸር ስንሻው እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ ጎረቤታችንም የታሪክ አስተማሪያችንም ነበሩ። ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነው የመጡት። የግቢያቸው በር ሁልጊዜ ከውስጥ የተቀረቀረ ነው። እኛ አገር ኡኡ ከተባለ ሰው ጉርሻውን ጥሎ ይወጣል፤ ያልወጣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር ሲወራበት ይኖራል። እሳቸው ግን ሬድዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ አይወጡም። ወንድማቸው የሰው ጠብ ልገላግል ብሎ ገብቶ በጩቤ ተወግቶ ሞቶባቸዋል።

ክፍል ውስጥም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነበር። ካኪ ጃኬታቸው የጠመኔ ብናኝ ለብሶ፣ የተቀዳደደውን ካርታ በዱላቸው ጫፍ እየነኩ፣ «አሜሪካን እዩዋት» ይሉናል። «በዚህ ውሃ፣ በዚያ ውሃ። አውሮፓ ሲተራረድ “የጎረቤት ጠብ ነው” ብላ በሯን ዘጋች። ስንዴዋን አጨደች፣ ለተጣሉት ሸጠች።»

«ቲቸር፣ ኡኡታውን አልሰማችም?» አለ ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛው ደሴ። ክፍሉ ሳቀ፤ ማንን እንደነካ ገብቶናል።

«ሰምታለች» አሉ ሳይቆጡ። «የሰማ ሁሉ አይወጣም።»

በዚያው ዓመት ገብስ ሲታጨድ የአባቴ ወንድም አያ ሙጬ መጣብን። አባቴ ከሞተ ጀምሮ «የወንድሜ መሬት ለሴት አይቀርም» እያለ ድንበር ሲገፋ ነበር። ያን ቀን መጥረቢያ ይዞ ነው የመጣው። እናቴን በጸጉሯ ጎትቶ አወጣና በመጥረቢያው ጀርባ ትከሻዋን መታት። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የጮኸው። ክንዱ ላይ ስንጠለጠል ከካቡ ጋር አላተመኝ። እናቴ ኡኡ አለች። ስለቱን አዙሮ ሲያነሳ የቲቸር በር መቀርቀሪያ ሲከፈት ተሰማ።

ቲቸር ዱላቸውን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ክንዱን መቱት፣ መጥረቢያው ወደቀ። ከዚያ ጉልበቱን። ከዚያ አፉን፤ ጥርሱ አፈር ላይ ተበተነ። ወድቆም አላቆሙም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በሳምንቱ ካርታው ፊት ቆመው ቀጠሉ። «መርከቧን ሲያሰጥሙባት ወጣች። ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሳ በሯን ዘጋች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደቧ ድረስ መጥተው አቃጠሉባት፤ ደግማ ወጣች።»

«ከዚያስ መቼ ተመለሰች?» አለ ደሴ።

ቲቸር ሳቁ። «ከዚያ ወዲያማ ማን ይመልሳታል።»

እሳቸውም አልተመለሱም። በራቸው ተከፍቶ ቀረ። የገበያ ጠብ ላይ ቲቸር፣ ጠላ ቤት ቲቸር። የአንዱን ሰካራም መንጋጋ ሰበሩ። ሰው ሲጣላ «ቲቸርን እጠራብሃለሁ» ማለት ጀመረ። ኋላ ኋላ ሳይጠሯቸውም ይመጡ ጀመር። ቲቸር ደሴን በግ ሰርቀሃል ብለው በጥፊ ሲመቱት አንድ ጆሮው ደነቆረ። በጉ በማግስቱ ከገደል ሥር ተገኘ። ደሴ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ቀልዶ አያውቅም።

ለፋሲካ ሽማግሌዎች እኛንና አያ ሙጬን ሊያስታርቁ ግቢያችን ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን መስቀል ይዘዋል። አያ ሙጬ በዚያ በተራቆተ ድዱ «በድያለሁ፣ መሬቱ ይለካና ልመልስ» አለና እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ቲቸርን የጠራቸው የለም፤ መቼ እንደገቡም አላየንም። ዱላው አናቱ ላይ አረፈ። ደሙ የአባ ነጠላ ላይ ተረጨ። አያ ሙጬ ሲወድቅ ጭብጡ ውስጥ የተጠቀለለ ገመድ ነበር፤ የመሬት መለኪያው። ነፍሱ ተረፈች፤ ግማሽ አካሉ ግን ዛሬም አይታዘዘውም።

እናቴ የተጣመመ ትከሻዋን ይዛ ተነሳች። «ቲቸር፣ ያን ቀን ኡኡ ብዬ መጡልኝ፤ እግዜር ይስጥዎ። ዛሬስ ማን ጠራዎት?»

ቲቸር ዱላውን ደጃፋችን ላይ አስቀምጠው ፖሊስ እስኪመጣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲፈቱ ወደ ስማዳ ተመለሱ አሉ። ደግሜ አላየኋቸውም።

ባለፈው ሳምንት ያን ዱላ አንስታ የሰጠችኝ እናቴ ናት። «ሂጂ» አለችኝ። «ጸጥ ሲል ግን ቶሎ ነይ።»

ሮጥኩ። አንዱ ጎረምሳ ሚስቱን አንቆ ይዟል። ዱላውን ክንዱ ላይ አሳረፍኩት፤ ለቀቃት። ኡኡታውን ሰምተው የመጡ ሴቶች መሬት ላይ ጣሉት፣ እጁን ጠፍረው ያዙት። ሚስቱ እየሳለች ተነሳች። አልቋል። እጄ ግን ዱላውን እንደገና አንስቶ ነበር፤ የጎረምሳው አናት ከፊቴ ነው፣ ማንም አይከለክለኝም።

ሳልመታው አወረድኩትና ቤቴ ገባሁ። እናቴ ዱላውን ተቀብላ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰች፤ ጣቷን አየችው። ደም የለበትም። ከበሩ ጀርባ መልሳ አቆመችው።