ሙሽሪትና ሠላሳ ስድስቱ ንጹሕ ወረቀቶች

ሰፈሩ «እመት ጓንት» ይላታል። ሥራዋ የጥንቸል በጠጥ መልቀም ነው። በየወሩ ከየርባታው ናሙና ትወስድና በበረዶ ሳጥን አቅፋ ላቦራቶሪ ታደርሳለች፤ እዚያም ሥጋውን የበላን ሰው አልጋ ላይ የሚጥል ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ልጅ ሳለች ዘፋኝ መሆን ነበር ምኞቷ። ዛሬም በጭንብሏ ውስጥ ታንጎራጉራለች፣ ጥንቸሎቹም ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ይሰሟታል። ከዚህ የበለጠ ጆሮ ያለው አድማጭ ከየት ይመጣል?

ያን ሰሞን ግን ዜማው ከጉሮሮዋ ሸሸ። እናቷ ዳሌዋን ተሰብራ ሆስፒታል ከተኛች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ደግሞ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ለሕሙማን ሾርባ የጥንቸል ሥጋ ከጋሽ ጆሮ ሊወስድ ነው። ጋሽ ጆሮ አራት መቶ ጥንቸል የሚያረቡ አዛውንት ናቸው። የቀረው የእመት ጓንት ፊርማ ብቻ ነበር።

«ሠላሳ ስድስት ወር፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ንጹሕ!» አለቻት የላቦራቶሪው ኃላፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። «ሰውየው የሚያረቡት ጥንቸል ነው ወይስ መልአክ?»

እመት ጓንት ሳቀች፤ ደረጃውን ስትወርድ ግን ሳቁ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። ማክሰኞ ጠዋት ሳትደውል ሄደች።

ጋሽ ጆሮ በሩን ከፍተው ሲያዩዋት ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ ሳትነግሪኝ! ቆይ እዚሁ ጥላው ሥር፣ አሁን አመጣልሻለሁ።»

ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። በር ላይ ወንበር ያወጡላታል፤ ክዳን ባላት ጽዋ በጠጡን ይዘው ይመጣሉ፤ «ልብስሽ እንዳይቆሽሽ» ይሏታል። ደንቡ ራሷ ገብታ ከየሳጥኑ እንድትለቅም ነው። ግን እጃቸውን ዘርግተው የቆሙ አባት ፊት «አይ» ማለት እንዴት ይሆናል? ሠላሳ ስድስት ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀብላለች።

«አባባ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ይሄን ከየትኛው ሳጥን ነው የሚያመጡልኝ?»

«ከሙሽሪት ነዋ!»

«ሙሽሪት ማን ናት?»

እየሳቁ ወደ ጓዳቸው መሯት። በመስኮቱ ሥር፣ ታጥቦ በተነጠፈ ፎጣ ላይ፣ እንደ ጉም የነጣች ጥንቸል ካሮት ትቆረጥማለች። የምትጠጣው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ከሌሎቹ ጋር አንድም ቀን ውላ አታውቅም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የአንዲት ጥንቸል በጠጥ ነው የሰጡኝ?» ድምጿ ሳታስበው ከፍ አለ። «አራት መቶዎቹስ?»

«እንዴ! ላቦራቶሪ ለሚሄድ ነገር ቆሻሻውን ልስጥሽ? ለእንግዳ ምርጡ አይደል የሚሰጠው!»

«ቆሻሻውን ነው የምፈልገው አባባ! ቆሻሻውን!»

አንገቷ እስኪግል ተናደደች። በእሳቸው መናደድ ፈለገች፤ ንዴቱ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ራሷ መጣ። ከእነዚያ ሁሉ ወረቀቶች ሥር ያለው ፊርማ የማን ነው? ጓንቷን አጥልቃ ወደ ጥንቸሎቹ ቤት ገባች። ከየረድፉ እየለቀመች፣ ውሃ መጠጫውን ሁሉ በጥጥ ዘንግ እያበሰች፣ ያ የሸሸ ዜማ በብስጭት ተመለሰ፦

ላዩ ነጭ የሆነ ጤነኛ መሰለኝ፣
ውስጡን ሳልመለከት ዓመት አመለጠኝ።

«ደግሞ ትዘፍንብኛለች» አሉ ጋሽ ጆሮ ከኋላዋ አኩርፈው።

ቅዳሜ ውጤቱ ወጣ። የኋለኛው ረድፍ ሳልሞኔላ የተባለው ያ ባክቴሪያ አለበት። የዚያ ረድፍ ውሃ የሚመጣው ክዳኑን ነፋስ ከወሰደው በርሜል ነው፤ ወፎች ጠርዙ ላይ ይሰፍራሉ፣ ኩሳቸው ውሃው ውስጥ ይወድቃል። ወረቀቱን ራሷ ወሰደችላቸው። ሥጋው ወደ ሆስፒታሉ አይሄድም፤ በርሜሉ ተፍቆ፣ ረድፉ ተለይቶ፣ ሁሉም እንደገና እስኪመረመር ድረስ።

ጋሽ ጆሮ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፤ በጀርባው የተሻለ ወሬ የሚያገኙ ይመስል። «ለሽማግሌ እንኳ አታዝኚም» አሏት።

«እናቴ እዚያ ተኝታለች፣ አባባ። የምትበላው ከዚያ ድስት ነው።»

አዛውንቱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። መሰላሉን አነሡና ወደ በርሜሉ ሄዱ። እሷም የመሰላሉን እግር ያዘችላቸው።

ሰኞ ለምሳ ሰዓት ሆስፒታል ስትደርስ እናቷ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ታንከራትታለች፣ የጠፋባትን ቀለበት የምትፈልግ ይመስል።

«ሥጋ ይመጣል ብለው ሳምንት ሙሉ አፌን አስከፈቱኝ፤ ይኸው ውሃ! አንድ ሰው ፈርሞ አስቀረው አሉ። ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። በድካም የቀላ ዓይኗን አየች፣ በበረኪና የተላጠ እጇን አየች፣ ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን ገለባ አየች። ለወቀሳ የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋች፤ ሳህኑንም ገፋ አደረገችላት።

«እንግዲያማ ዝም ብለሽ አትቁሚ» አለቻት። «ሄደሽ ጨው እንኳ አምጪልኝ።»